ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛ ልጅ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። የዛሬ ዓመት ከሁለት ወር አንድ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ልጅ በአደራ ተቀበልን። እናቱ በሦስት ዓመቱ ዘመድ ቤት አድርሳው በዚያው ቀርታለች። ዘመዶቹ ደግሞ ለሌላ ዘመድ አስተላለፉት። ከዚያ አንድ ቤተሰብ ወሰደውና ሰባት ወር አቆይቶ «አልተስማማንም» ብሎ መለሰው። ከእናቱ ከተለየ እኛ አራተኛ ቤቱ ነን።

ውጭ ቢያዩት ጨዋ ልጅ ነው። አስተማሪው ታመሰግነዋለች። ጎረቤታችን ስትስመው ፈገግ ብሎ ይሳማል። እኔ ስነካው ግን እንደ እንጨት ድርቅ ይላል። በስሜ አይጠራኝም፤ «አንቺ» ብቻ ነኝ። ሲታመም እንኳ ወደኔ አይመጣም። ባለፈው ትኩሳት ይዞት ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ አገኘሁት። ውኃ ሳመጣለት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ደህና ነኝ» አለኝ።

ማታ የሚተኛው ከነጫማው ነው። ስንት ጊዜ እንቅልፍ ሲወስደው አወለቅሁለት። ጠዋት ሳየው መልሶ አድርጎታል። አልጋው ሥር የተዘጋጀ ቦርሳ አለው። አንድ ቀን ክፍሉን ስጠርግ ከፍቼ አየሁት። ሁለት ካናቴራ፣ የጥርስ ብሩሽና አንድ ቁልፍ ነው ያለው። ቁልፉ የኛ ቤት አይደለም። የየት ቤት እንደሆነ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ልደቱ ነበር፤ አሥር ዓመት ሞላው። ቀኑን ሙሉ ይዘነው ወጣን። እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። መንገድ ስንሻገር እጄን ያዘ። ከተሻገርን በኋላ መልቀቁን ረሳው። እኔም እንዳያስታውስ ብዬ ትንፋሼን ውጬ ሄድኩ። ማታ ቤት ገብተን፣ መነጽሬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ዓይኔን ሳሽ መጣ። መነጽሩን አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ዓይን ዓይኔን እያየ በጫማው ረገጠው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ እስኪደቅ። ከዚያ «አሁንስ መቼ ነው የምትመልሱኝ?» አለኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ያን ማታ ጠላሁት። የአሥር ዓመት ልጅ ጠላሁ። ባለቤቴ «ፍቅር በግድ አይሆንም» ይላል፤ ከሥራም እያመሸ መምጣት ጀምሯል። እህቴ ደግሞ «ጥፍር አድርገሽ እቀፊው፤ ቢታገልሽም እስኪያለቅስ አትልቀቂው፤ ያኔ ይወጣለታል» ትለኛለች። እኔ እናት ለመሆን አልተፈጠርኩም ማለት ነው? ብመልሰው ይሻለው ይሆን?

መነጽሯ የተሰበረባት

መልስ

እህቴ፤ መጀመሪያ መነጽርሽን አሠሪ። ቀልዴን አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቴም የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው። መንገድ ከተሻገራችሁ በኋላ እጅሽን መልቀቅ የረሳበት ቦታ። አንቺ ያን ቀን ሁለት ነገር የሆነ መስሎሻል፤ ቀኑ ጥሩ ነበር፣ ማታው ተበላሸ። ለኔ አንድ ነገር ነው የሚታየኝ። ማታው የተበላሸው ቀኑ ጥሩ ስለነበረ ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ ዓምድ ላይ ጽፌው አላውቅም እንጂ እኔም ሰው ቤት ነው ያደግሁት። በስምንት ዓመቴ ሦስተኛ ቤቴ ገባሁ። የተቀበለችኝን ሴት ከዓመታት በኋላ «አክስቴ» እያልኩ ጠራኋት፤ በሥጋ አንዛመድም። በገባሁ በሁለተኛው ወር ቀይ ሹራብ ሠራችልኝ። ማታ ማታ ቁጭ ብላ፣ እኔ በዓይኔ ጠርዝ እያየኋት ነው የሠራችው። ስለብሰው «እንዴት ያምርብሻል!» አለች። በማግስቱ አንዱን እጅጌ በመቀስ ቆረጥኩት።

ያኔ ለምን ብትይኝ አልመልስልሽም ነበር። ዛሬ ግን አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት የነበርኩበት ቤት ሊመልሰኝ ሲል አዲስ ልብስ ገዝቶልኝ ነበር። ሰው ሲሸኝ ደህና አልብሶ ነው የሚሸኘው። በልጅ ጭንቅላቴ የያዝኩት አዲስ ልብስ ከመጣ ሽኝት ይከተላል የሚል ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሹራቡ ልጥ ነበር።

ያንቺም ልጅ አንድ ነገር ሳይማር አልቀረም። ሰው ደህና አድርጎ ይይዝሃል፣ ትለምዳለህ፣ ከዚያ ይመልስሃል። ከሦስቱ የመጨረሻውን ማስቀረት አልቻለም። መሐለኛውን ግን ማስቀረት ይችላል። አለመልመድ። ጫማውም፣ ቦርሳውም፣ «አንቺ» የሚለውም እዚያ ላይ የቆመ ዘብ ነው። ልደቱ ቀን ዘቡ እንቅልፍ ወሰደው። ማታ ሲነቃ እጅሽን ይዞ እንደነበር ትዝ አለው። ደነገጠ። መባረሩ ካልቀረ ሰዓቱን ራሱ ይቁረጥ፤ ድንገት ከሚመጣበት ይሻላል። «መቼ ነው የምትመልሱኝ?» ያለሽ ሊያቆስልሽ ብቻ አይደለም። ቀኑን እየጠየቀሽ ነው።

ለጎረቤት ስለሚስቀው ነገር ደግሞ። እንደ ቅናት ያለ ነገር ከደብዳቤሽ ሸተተኝ፤ አልፈርድብሽም፣ እኔም ይቆጨኝ ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ትንንሽ ሕፃናትን ይከታተል ነበር። የሥራ ባልደረባው ጆን ቦውልቢ ነው፤ ስለ እናትና ልጅ ትስስር ሲወራ ስሙ የማይቀረው ሰው። በዚያ ዘመን ወላጅ እንደልቡ ገብቶ ልጁን መጠየቅ አይፈቀድለትም ነበር። ልጁ መጀመሪያ ይጮኻል። ቀጥሎ ዝም ብሎ ይተክዛል። ሦስተኛው ላይ ይነቃል፤ ይበላል፣ ከነርሶቹ ጋር ይስቃል። «ለመደ» ይሉታል። እናቱ ስትመጣ ግን እንደማያውቃት ፊቱን ያዞራል። ሮበርትሰን ያለው፣ የሚያስፈራው ይሄኛው ነው፤ ጩኸቱ ይሻል ነበር።

ልጅሽ ለጎረቤት መሳቅ ምንም አያስከፍለውም። ጎረቤቷ ልትመልሰው አትችልማ። አንቺ ግን ትችያለሽ። ስለዚህ የሚፈራው አንቺን ነው። የሚፈራሽ ደግሞ ሊያጣሽ የማይፈልግ ነገር ስለጀመረው ነው። ይህን ለማጽናናት ብዬ የተናገርኩት አይምሰልሽ። መነጽር መስበርም ድካም ነው፤ ማንም ሰው ለማይፈልገው ቤት ያን ያህል አይደክምም።

አሁን ወደ እህትሽ ምክር። አታድርጊው። በፍጹም። እቅፍን እምቢ ያለ ልጅ እጅና እግሩን ይዞ እስኪሸነፍ መጫን «ሕክምና» ተብሎ የተሠራበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ከአሳዳጊዋ ጋር እንድትተሳሰር በሚል በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ትልልቅ ሰዎች ተጭነዋት፣ ትንፋሽ አጥታ ሞተች። የሥነ ልቦና ማኅበራት ከዚያ ወዲህ ይህን ዓይነት ነገር አጥብቀው ያስጠነቅቃሉ። ሞት የሌለበትን እንኳ አስቢው። ተይዞ የታገለ ልጅ በመጨረሻ ቢያለቅስ ተሸንፎ ነው። የተሸነፈ ልጅ ደግሞ ቀድሞውንም ነበረሽ።

ምን ታድርጊ? ከጎን ውደጂው። ፊት ለፊት አትምጪበት። ዓይኑን ይዘሽ «እወድሃለሁ» ስትይው መልስ እየጠየቅሽው ነው፤ እሱ ደግሞ መልሱ የለውም። አክስቴ ይህን እንዴት እንዳወቀችው አላውቅም፤ ትምህርት ቤት የገባች ሴት አልነበረችም። ጸጉሬን ስታበጥርልኝ ከኋላዬ ነው የምትቀመጠው። ፊቷን አላይም፣ ፊቴን አታይም። ብዙውን ያወራሁት ያኔ ነው። አንቺም አብራችሁ የምትሠሩት ነገር ፈልጊ። ዕቃ ማጠብ፣ ብስክሌት መጠገን፣ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጥ። ወሬው ካልመጣ አይምጣ።

ደግሞ «ደህና ነኝ» ሲልሽ አትመኚው። ሜሪ ዶዚየር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በአደራ ቤተሰብ ያሉ ሕፃናትን ለዓመታት አጥንታለች። ያየችው ነገር ቀላል ነው፤ ግን እኔን አስለቅሶኛል። ሕፃኑ ተጎድቶ ሲመጣ አሳዳጊዋን ይገፋታል፣ ወይም እንደማይፈልጋት ይሆናል። አሳዳጊዋም «አልፈለገኝም» ብላ ትርቃለች። እሱም «አየህ፣ ማንም የለህም» ይላል በሆዱ። ዶዚየር ለአሳዳጊዎች አሥር ጊዜ ቤታቸው ድረስ እየተሄደ የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጀች። ዋና ነገሩ፦ ልጁ የሚያሳይሽን ትተሽ የሚያስፈልገውን ስጪ። የሷ ሥራ በትንንሾቹ ላይ ነው፤ ለአሥር ዓመት ልጅም ግን ይገባል ባይ ነኝ።

የትኩሳቱን ሌሊት እንደገና እናስበው። ውኃውን አስቀመጥሽለት፣ «ደህና ነኝ» አለሽ፣ ወጣሽ። ሌላ ጊዜ አትውጪ። ግንባሩንም አትዳብሺው። ወለሉ ላይ ጀርባሽን ለአልጋው ሰጥተሽ ተቀመጪና እንዲህ በይው፦ «ደህና እንደሆንክ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ልጅ ሲያተኩሰው እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ እዚህ እቀመጣለሁ።» አለቀ። ችግሩን ያንቺ አደረግሽው። እሱ ለምኖሽ አይደለም፣ ውለታም አልያዘም። ስልክሽን ነካኪ፣ መጽሐፍ አንብቢ። ትንሽ ብታንኮራፊም ግድ የለም።

ጫማውን ማውለቅ አቁሚ። እንቅልፍ ወስዶት ባለበት የሚያወልቁበት ልጅ እንዴት ይተኛል? አንሶላው መቆሸሹ ካሳሰበሽ፣ ውጭ የማይደረግ ንጹሕ ጫማ ግዢና «ይሄ የአልጋ ጫማህ ነው» በይው። አስቂኝ ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ነው የዳንኩት። ፍራሽ ሥር ዳቦ እደብቅ ነበር። አክስቴ አገኘችው። ቁጣዋን ስጠብቅ አንድ ክዳን ያለው ቆርቆሮ አምጥታ «አይጥ እንዳይገባበት እዚህ አድርጊው» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ አዲስ ዳቦ ትጨምርበታለች። ለምን እንደምደብቅ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከፍታው ያለፈው ሳምንት ዳቦ እንዳለ ደርቆ ተቀምጧል። አሳየችኝ። እኔ ራሴ መቼ እንደተውኩት አላውቅም። ጫማውም እንደዚያ ነው የሚወልቀው። አንቺ አታወልቂውም፤ እሱም የወለቀበትን ቀን አያውቀውም።

ቦርሳውን መክፈትሽን ንገሪው። አዎ፣ ንገሪው። «ክፍልህን ስጠርግ ቦርሳህን ከፍቼ አየሁ። ያንተ ነው፤ መክፈት አልነበረብኝም። ሁለተኛ አልከፍተውም» በይው። ስለ ቁልፉ ምንም አትጠይቂ። ልጅሽ ትልቅ ሰው ሲያጠፋና «አጥፍቻለሁ» ሲል ብዙ ያየ አይመስለኝም።

የመነጽሩም ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ሆኖታል ብለሻል። እስካሁን ሳታሠሪው ከቆየሽ፣ ያለ መነጽር ዓይንሽን እያጠበብሽ ስትሄጂ በየቀኑ ያይሻል። በየቀኑ ጥፋቱ ፊቱ ይመላለሳል ማለት ነው። ይዘሽው ሂጂ። ስብከት የለም። «ይቅርታ በል» የለም፤ በግድ የወጣ ይቅርታ ለማንም አይጠቅምም። «መነጽሬን ላሠራ ነው፣ አብረኸኝ ና፤ የድሮውን ስባሪ አንተ ያዝልኝ» ብቻ። እዚያ ሲደርስ መስታወቱ እንዴት እንደሚለካ ይይ፤ ፍሬሙን አብሮሽ ይምረጥ። በገዛ እጁ የሰበረው ነገር ሲጠገን፣ የተሰበረባት ሴትም አጠገቡ ቆማ «ይሄኛው ወይስ ያኛው?» ስትለው ማየት አለበት። አያምርብኝም ብለሽ የምታስቢውን ፍሬም ቢመርጥ ግዢው።

«መቼ ነው የምትመልሱኝ?» ሲልሽ ምን እንደምትመልሺ አስቢበት፤ ደግሞ መጠየቁ አይቀርም። «ወደ ክፍልህ ግባ» መልስ አይደለም። «መቼም አንመልስህም!» ብለሽ አትማዪ። በአደራ የተያዘ ልጅ ነገር ሁሉ በእጅሽ አይደለም፤ ቃል ገብተሽ ቢፈርስ አምስተኛ ውሸት ይሆንበታል። የሚቻልሽን ብቻ በይው። «ልንመልስህ አላሰብንም። መነጽር ብትሰብርም ነገ ጠዋት ቁርስ እዚህ ነው የምትበላው። ስላንተ የሚለወጥ ነገር ካለ ከማንም በፊት ከኔ ትሰማለህ።» ድምፅሽ እንደ አየር ሁኔታ ዜና ይሁን። እንባ አያስፈልገውም።

ሌላ አንድ ነገር። በንዴት ጊዜ «እመልስሃለሁ» የሚለው ቃል ከአፍሽ ወጥቶ ያውቃል? ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ወጥቶ ከሆነ ግን ያ ቃል ከዛሬ ጀምሮ ቤታችሁ አይግባ። ለባለቤትሽም ንገሪው።

አሁን ልጽፈው ፈርቼ ያቆየሁትን ልጻፍ። ጠላሁት ብለሻል።

ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ የሕፃናት ሐኪምም የሥነ ልቦና ሐኪምም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እሱና ሚስቱ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤታቸው አስገቡ። ልጁ ከየቦታው የሚጠፋ ነበር። መጀመሪያ ከነሱም ይጠፋል። አልከለከሉትም፤ በወጣ ቁጥር አንድ ሺሊንግ ይሰጡት ነበር። ከፖሊስ ጣቢያ ሲደወል ሄደው ያመጡታል። መጥፋቱን ሲተው ደግሞ ባሰበት። ቤቱን አተራመሰ። ዊኒኮት መትቶት አያውቅም። ሲብስበት ግን ከቤት አውጥቶ በር ላይ ያቆመው ነበር፤ ዝናብም ይሁን ሌሊት። በሩ ላይ ለልጁ ተብሎ የተሠራ ደወል ነበረ። ደወሉን ከደወለ ይገባል፤ ስላለፈው አንድ ቃል አይነሳም። ዊኒኮት ባወጣው ቁጥር የሠራኸው ነገር እንድጠላህ አደረገኝ ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ጻፈው። ልጁ እነሱ ጋር የቆየበት ሦስት ወር ሲኦል እንደነበር፣ እንደጠላውም። እሱ እንደሚለው እንዲህ ያለ ልጅ መወደዱን የሚያምነው መጠላት እንደሚችል ካየ በኋላ ነው።

ልጅሽን ውጭ አቁሚው እያልኩሽ አይደለም፤ እንዳታደርጊው። «ጠላሁህ» በይውም አላልኩም። ደግሞም ዊኒኮት ቤት ልጁ የቆየው ሦስት ወር ነው፤ ያንቺ ዓመት ከሁለት ወር። የምልሽ ያን የሚያህል ሰው የተሰማውን ስሜት አንቺ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ስላለቀስሽበት እናትነት አይቀርብሽም ነው። ዓመት ሙሉ እጅሽን ዘርግተሽ ባዶ የቀረ ሰው ነሽ። ሰውነት እንዲህ ይደክማል፤ ልጁን ሲያይ ደስ ማለት ያቆማል፤ ግዴታውን ብቻ ይሠራል። ይህን ለልጁ አትንገሪ። ለአንድ ትልቅ ሰው ግን ንገሪ። የሚከታተላችሁ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ካለ ለሷ ንገሪ፤ «ጎበዝ አሳዳጊ» ለመምሰል ፈገግ እያልሽ አትሸኛት። በወር አንድ ሁለት ቀን ልጁን የሚያውቀው ሰው እዚያው ቤታችሁ መጥቶ እንዲይዘው አድርጊና አንቺ ውጪ። እሱ ሌላ ቤት አይሂድ፤ ቦርሳ ይዞ መውጣት ለሱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስትወጪ የምትመለሽበትን ሰዓት ንገሪው። አሥራ ሁለት ሰዓት ካልሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ አሥራ ሁለት ከሩብ አይደለም።

ከዊኒኮት ግን ደወሉን ውሰጂ። ወደሱ እመለሳለሁ።

ባለቤትሽ። «ፍቅር በግድ አይሆንም» ማለቱ ልክ ነው። ማምሸቱ ግን ልክ አይደለም። ልጁ አንድ ወንድ ቀስ በቀስ ከቤት ሲርቅ እያየ ነው፤ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ፍቅር አትጠይቂው። ሰዓት ጠይቂው። በሳምንት ሁለት ማታ፣ የታወቀ ሰዓት፣ ከልጁ ጋር አንድ ነገር ይሥራ። ካርታ ይጫወቱ፣ ኳስ ይመልከቱ። እንዳይቀር ብቻ። ወንዶች ሥራ ሲሰጣቸው አንዳንዴ ይገርሙሻል።

ብመልሰው ይሻለው ይሆን ብለሻል። አይሻለውም። ግን «በምንም ዓይነት አትመልሺው» ብዬ አንገትሽ ላይ ገመድ አላስርም። ቤት ውስጥ ራሱን የሚጎዳ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ፣ እሳት የሚለኩስ ከሆነ፣ ወይም እጅሽ ሊያርፍበት እንደደረሰ ከተሰማሽ፣ ይህ ዓምድ አይበቃሽም፤ ዛሬውኑ በልጆች ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጊ። ያ ባይሆንም ባለሙያ ማየቱ ጥሩ ነው፤ በመጀመሪያ ግን አንቺና ባለቤትሽ ሂዱ። ልጁን ብቻውን ከወሰድሽው «ብልሹው እኔ ነኝ» ይላል። ውሳኔ ደግሞ ማታ አትወስኚ። ማታ የተወሰነ ነገር ሁሉ የመነጽር ስባሪ አለበት።

«በአሥር ዓመቱ ረፍዶበት ይሆን?» አላልሽኝም፤ ግን ሳታስቢው አልቀረሽም። ልደብቅሽ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሩማንያ ቡካሬስት ውስጥ የተጀመረ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። በሕፃናት ማሳደጊያ ይኖሩ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ፣ 68ቱ፣ በዕጣ ተለይተው ወደ አደራ ቤተሰብ ገቡ። እነዚህ ማሳደጊያ ከቀሩት በብዙ ነገር ተሻሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ደግሞ ከሁሉም ተሻሉ። ቀድሞ መግባት ይጠቅማል፤ ይህ ሐቅ ነው። ያንቺ ልጅ ግን ማሳደጊያ ውስጥ አልተወለደም። ሦስት ዓመት እናት ነበረችው፤ ደህናም ትሁን አትሁን ነበረች። እጅ መያዝ የት እንደተማረ እኔ እንጃ። መያዙን ግን ያውቅበታል። አንቺ ራስሽ ጻፍሽልኝ እኮ።

ሌላም ልደት ይመጣል። ከጥሩ ቀን በኋላ ክፉ ማታ እንደሚመጣ አሁን አውቀሻል፤ ስለዚህ ጥሩውን ቀን አሳጥሪው። ቀኑን ሙሉ አትውጡ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ስትመለሱ «አየህ እንዴት ደስ እንዳለህ!» አትበይው። የለመደውን ሥራ ስጪው፤ የቤት ሥራውን ይሥራ፣ የራሱን ሳህን ይጠብ። ማታ የሚሰበር ነገር ጠረጴዛ ላይ አትተዪ። መነጽርሽን አድርገሽ ተቀመጪ።

ስለ ደወሉ። የቤታችሁን ቁልፍ አስቀርጪለት። ሥነ ሥርዓት አታድርጊበት፤ በስጦታ ወረቀት አትጠቅልዪው፣ «ይህ ቤት ያንተ ነው» የሚል ንግግርም ይቅር። ራት ላይ ዕቃ ስታነሺ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና «ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ባልደርስ በዚህ ግባ» በይው። የት እንደሚያስቀምጠው አትጠይቂ። ምናልባት ቦርሳው ውስጥ ከዚያኛው ቁልፍ ጋር ይጨምረዋል። ይጨምር። ምናልባት ይጥለዋል። ሌላ አስቀርጪ፤ ቁልፍ ርካሽ ነው። ብቻ በሩን ራሱ ከፍቶ የገባ ቀን ሳሎን ሆነሽ ብትሰሚው፣ ሮጠሽ አትቀበዪው። ወጥ ቤት ያለሽ መስለሽ «መጣህ?» በይው።

ከዚያ ጻፊልኝ። የፍሬሙንም ቀለም ንገሪኝ።